በረመዳን የቆጠርኩት መንገድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቢሮ ውስጥ ለስላሳና ብስኩት ተደርድሮ፣ አለቃችን ቆመው ንግግር አደረጉ። “ሙሜ ይኼን ሁሉ ዓመት መኪና ሲቆጥርልን ኖሯል” አሉ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እውነታቸውን ነው። የኔ ሥራ ሲጠቀለል ይኸው ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን መቁጠር። ትልቋ ልጄ አንደኛ ክፍል እያለች መምህሯ “አባትሽ ምን ይሠራል?” ብትላት “መንገድ ላይ ይቆማል” ብላ መልሳ፣ መምህሯ አዝና ሁለት ደብተር በነፃ ሰጥታታለች። ደብተሮቹን አልመለስኩም።

አርጅቼ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ። ገና ሃምሳ አምስቴ ነው። አዲስ መዋቅር መጣና የኔን ወንበር ፈልገው አጡት። ቆጠራው ወደፊት በካሜራ ይሁን ተብሏል። ይሁን። ካሜራ ከኔ ይሻላል፤ ሻይ አያምረውም፣ ሆድ የለውም፣ ቀልድም አያውቅም። ቀልድ አለማወቁ ትልቅ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

በእርግጥ ቆጠራ ብቻ አልነበረም። አንድ ትምህርት ቤት ሲሰፋ፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲጨምር፣ መስጊድ ሲታደስ፣ መንገዱ ሰዉን ይችለዋል ወይ፣ በሩ በየት ይሁን፣ መኪና የት ይቁም፣ ሕዝቡ በየት ይሻገር ብሎ አጥንቶ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ውስጥ ስትዘዋወሩ የሆነ በር “ምነው እዚህ ጋ አደረጉት?” ብላችሁ ከተራገማችሁ፣ እርግማኑ አድራሻውን አላጣም።

ሥራ የጀመርኩት ሚኤሶ ነው። ያኔ ቀጭን ነበርኩ፤ የሚያምነኝ የለም እንጂ ፎቶ አለኝ። ሚኤሶን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ሙቀቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትከሻችሁ ላይ ቁጭ ይልና ፀሐይ እስክትጠልቅ አይወርድም። ተሳቢ መኪና በከተማዋ መሃል ሲያልፍ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ይራመዳል። እዚያ የተመደብኩት ኦቦ ዩያ ከሚባሉ አንጋፋ ቴክኒሻን ሥር ነበር። ዲፕሎማዬን ገልበጥ አድርገው አዩና “ጥሩ ወረቀት ነው፣ ለጥላ ይሆንሃል” ብለው ፀሐይ ላይ አቆሙኝ።

ኦቦ ዩያ ደብተር ይዘው አይቆጥሩም። “ደብተርህን ስታይ መኪናው ያልፍሃል” ይላሉ። ቀኝ ኪሳቸው ውስጥ አንድ እፍኝ ማሽላ አለ። አሥር መኪና ባለፈ ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ግራ ኪስ ያሻግራሉ። ዓይናቸው ከመንገዱ አይነሳም። ሰዓቱ ሲሞላ ግራ ኪሳቸውን መዳፋቸው ላይ ገልብጠው ይቆጥሩና ያኔ ይጽፋሉ። እኔም ሞከርኩ። ኪሴ ቀዳዳ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሪፖርቴ መሠረት ሚኤሶ ውስጥ አንድም መኪና አላለፈም።

ደግሞ ቀርፋፋ ሰው ይፈልጋሉ። መሻገሪያውን በሜትር ለክተን ስንጨርስ እኔ ወደ ሻይ ቤት እሮጣለሁ፤ እሳቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ወይም ጄሪካን የተሸከመች ነፍሰ ጡር ስትመጣ ሰዓታቸውን ይይዛሉ። “አንተ ዘለህ ትሻገራለህ፤ መንገዱን ላንተ አይደለም የምንሠራው” ይሉኛል።

የከበደኝ ግን ትዕግሥታቸው ነው። አንድ ጊዜ ከአውራ ጎዳናው ማዶ የከብት ማጠጫ ሊሠራ ነውና ቦታውን አጥኑ ተባልን። እኔ መኪናውን በሁለት ቀን ቆጥሬ ጨረስኩ። ኦቦ ዩያ አልፈርምም አሉ።

“ለምን ኦቦ?”

“ግመሎቹ አልመጡም።”

“መኪና ነው እኮ የምንቆጥረው!”

“መኪናውን ብቻ ብትቆጥር ቁጥር አለህ። ግመሉን ብቻ ብትቆጥርም ቁጥር አለህ። እኔ የምፈልገው ሁለቱ የሚገናኙበትን ሰዓት ነው።”

ድርቁ ጠንክሮ መንጋው ወደ ከተማዋ እስኪጠጋ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ሦስት ሳምንት፣ በሚኤሶ ፀሐይ! መጡ። ግመሎቹ ለውሃ የሚሻገሩበት ሰዓትና ተሳቢዎቹ ተግተልትለው የሚደርሱበት ሰዓት አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ማጠጫው ወደ ወዲህኛው ዳር ተዛወረ። እኔም ትምህርቱን ተማርኩ፤ ቢያንስ የተማርኩ መስሎኝ ነበር።

የሪፖርታቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁልጊዜ “ያላየሁት” የሚል ርዕስ ይጽፋሉ። ከሥሩ ይዘረዝራሉ፤ ዝናብ ሲዘንብ አላየሁም፣ የገበያ ቀን አላየሁም፣ ተማሪ ሲለቀቅ አላየሁም። “አንባቢው የትኛው ጋ እንዳያምነኝ ይወቅ” ይላሉ። እኔ ያኔ ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። የምን ራስን ማጋለጥ ነው?

ከዚያ ቦኬ ተዛወርኩ። እርከን ጨመርኩ፣ ሚስት አገባሁ፣ ሆድ ጀመርኩ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። የቦኬው አለቃዬ የቀረበላቸውን ሁሉ ሳያነቡ የሚፈርሙ ደግ ሰው ነበሩ። ለመፈተን ብዬ በአንድ የገበያ ጥናት መሃል “በአካባቢው የሚንቀሳቀሱ አህዮች መንጃ ፈቃድ እንዲያወጡ ይደረግ” ብዬ ጻፍኩ። ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶ ተመለሰ። ወረቀቱን ለጓደኞቼ እያሳየሁ አንድ ዓመት ሙሉ ሳቅንበት። አሁን ሳስበው ያ ማኅተም ክፉ ነገር አስተማረኝ። የምጽፈውን ማንም እንደማያነበው ካወቅሁ በኋላ እኔም ራሴ በደንብ ማንበብ ተውኩ።

መሰላ ወረዳ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሰፋ በሩን ከመንገዱ ወደ ጎን አዙሬ ከቄሱ ጋር ተኳርፈን፣ በዓመቱ በንግሥ ቀን ሕዝቡ ያለ አንዳች ግፊያ ሲወጣ አይተው “አቶ ሙሜ፣ እግዜር ይስጥልን” ብለው በእጃቸው ጠላ አቀረቡልኝ። ሙስሊም መሆኔን ረስተውት ነው። አመስግኜ ያዝኩት፣ ሳልጠጣ ለጎረቤቴ አቀበልኩት። ከሥራ ዘመኔ የምኮራበት ይኼ ነው፤ አጭር ነው፣ አለቀ።

ወደ ጭሮ ስመጣ አለቃዬ ወጣት ኢንጂነር ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። የመጀመሪያ ሪፖርቴን አየና የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆመ። ከኦቦ ዩያ የወረስኩት ልማድ ነዋ።

“ጋሽ ሙሜ፣ ያላየኸውን ለምን ትነግረናለህ?”

“አንባቢው እንዲያውቅ ነው።”

“አንባቢው ሥራ አልሠራህም ነው የሚልህ። አውጣው።”

አወጣሁት። አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ አንድ ገጽ ቀነሰልኝ።

አሁን ወደ መስጊዱ እንምጣ። የታችኛው ሰፈር መስጊድ እንበለው። ተዳፋት ላይ ነው ያለው። ከላይ በኩል ሰፊው መንገድ አለ፤ የድሮው በር እዚያ ነው፣ ወደ ሰፈሩ የሚያወርደው ረጅም ደረጃ ነው። ከታች በኩል ጠባብ መንገድ ያልፋል። ግራና ቀኙ የሰው ቤት ግድግዳ ነው፣ መርፌ አያሳልፍም። መስጊዱ ጠቦ ሰው ጁምዓ ጁምዓ መንገድ ላይ እያነጠፈ መስገድ ከጀመረ ቆይቷል። ሴቶች ደግሞ ቦታም የላቸው። ጥግ ላይ በተዘረጋ ቆርቆሮ ሥር ይሰግዳሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ይኼንን ነገር አልተው ያሉት አዴ ሰዓዳ ናቸው። አዴ ማለት በኛ አገር እናት እንደማለት ነው። ከመስጊዱ ታች፣ ጠባቡ መንገድ ዳር፣ ለጫት ቃሚው ለውዝና ውሃ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል፣ ምላሳቸው ግን ሃያ ዓመቱ ነው። በየዓመቱ ኮሚቴው ፊት ይቀርባሉ። “ጀነት ለሴትም አለ ተብሏል፤ እናንተ ጋ ግን በር የላትም” ይሏቸዋል። በመጨረሻ ኮሚቴው ተሸነፈ። ማስፋፊያው ውስጥ ከሥር በኩል የሴቶች አዳራሽ ይሠራ ተባለ። በሩ ወደ ታችኛው መንገድ ቢከፈት ለሴቶቹ ቅርብ ነው፤ ደረጃ የለ፣ ዳገት የለ። መንገዱ ግን ይችለዋል ወይ? ጥናቱ ለኔ ተሰጠ።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ አሰብኩ። መስጊድ በጣም የሚሞላው መቼ ነው? በረመዳን። በረመዳን ጁምዓ የሚመጣውን ሰው ከቻለ ሌላውን ቀን ይችላል። ረመዳን ደግሞ ገብቶ ነበር፤ ኮሚቴው ክረምት ሳይመጣ መሠረቱን ልናወጣ ነው እያለ ያጣድፋል። ስለዚህ በረመዳን ሁለት ጁምዓ ቆሜ ቆጠርኩ። ወንዱን ቆጠርኩ፣ ሴቱን ቆጠርኩ፣ ከሰላት በኋላ በስንት ደቂቃ ወጥተው እንደሚያልቁ ያዝኩ። ታችኛው መንገድ ላይ በዚያ ሰዓት ያለፈው ጥቂት ባጃጅ፣ አንድ ሲሚንቶ የጫነ ጋሪ፣ ባለቤቷን የምትመራ አንዲት አህያ ነበር። እንቅልፋም መንገድ ነው።

የኛን አገር ለማያውቅ ላስረዳ። በአዘቦት ቀን ጫት ጠዋት ይቀነጠሳል፣ ይታሰራል፣ ይጫናል። ከበዴሳ በኩል የሚመጡት መኪኖች ጭሮ የሚደርሱት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ቃሚው ከምሳ በኋላ ነዋ የሚቀመጠው። ጫት ካረፈደ ይጠወልጋል፣ ከጠወለገ ማንም አያነሳውም። ስለዚህ ይበራሉ። ዋናው መንገድ በባጃጅ ሲጨናነቅባቸው ያችን የታችኛዋን መንገድ ያቋርጣሉ። በረመዳን ግን ቀን የሚቅም የለም። ጫቱም ዘግይቶ ይቀነጠሳል፣ መኪኖቹ የሚያልፉት ወደ ማፍጠሪያው ነው።

ይኼን እኔ አላውቅም? እኔ! በአዘቦት የጫት መኪና ስንት ሰዓት እንደሚገባ ከሚስቴ ስም ቀጥሎ የማውቀው ነገር ነው። ጥሩንባውን በሩቁ ሰምቼ የማን ሾፌር እንደሆነ እለያለሁ። ግን ጾም ላይ ነበርኩ። እኔ ስላልጠበቅኩት መኪናው የሌለ መሰለኝ። ካድሬም ቢሆን፣ ነጋዴም ቢሆን፣ ጫት የማይቅም ሰው ቢመደብ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም፤ ጠይቆ ያጣራል። አልጠየቅሁም፤ አውቀዋለሁ ብዬ ነዋ።

የነገረኝ ሰው አልጠፋም። ሁለተኛው ጁምዓ ላይ ኪሴ ውስጥ ማሽላ ይዤ ጥላ ሥር ቆሜ፣ አፌ ደርቆ ሳለ፣ አዴ ሰዓዳ ከልጃቸው ከነጂማ ጋር መጡ። ለውዙን በረመዳን ቀን አይሸጡትም። ነጂማ ጎልማሳ ሴት ናት፣ የሦስት ልጆች እናት፤ የእናቷን ክንድ ይዛ ነው የምትሄደው።

“አንተ ሙሜ” አሉኝ፣ “ምን እየቆጠርክ ነው?”

“በርዎን ነው የምቆጥረው አዴ።”

“በረመዳን? የጫት መኪኖቹስ? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አቧራቸውን የምበላው ሴትዮ ነኝ። አሁን የት ሄዱና ነው የምትቆጥረው?”

ዙሪያችን ከሰላት የወጣ ሰው ቆሟል። ተመልካች ሲኖር ምላሴ አይቻልም።

“አዴ፣ እነሱም እኮ ጾመኞች ናቸው!”

ሰው ፈነዳ። ነጂማ ሒጃቧን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። አዴ ሰዓዳም ሳይወዱ ፈገግ አሉና “ሂድ ወዲያ፣ ቀላጅ” ብለውኝ ሄዱ። ቀልዱ ሰፈሩን ዞረ። ማታ ከተራዊሕ ሰላት በኋላ የማላውቀው ሰው ሁሉ ትከሻዬን እየመታ “ጾመኞች ናቸው አልክ አሉ” ይለኛል። ደስ አለኝ።

ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀረ። ረመዳን ሲያልቅ አንድ ተራ ጁምዓ ቆሜ ልድገመው ብዬ ነበር። የዒድ ሰሞን ሆነ፣ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ፣ ከዚያ ኮሚቴው ወረቀቱን ጠየቀ። ሰጠሁ። “ያላየሁት” የሚለው ገጽ ቢኖር ኖሮ “የአዘቦት ጁምዓ አላየሁም” ብዬ ለመጻፍ እገደድ ነበር፤ እጄ ቢያንስ እዚያ ጋ ይቆም ነበር። አልነበረም። “በሰላት መውጫ ሰዓት በታችኛው መንገድ ላይ የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ እጅግ አነስተኛ ነው” ብዬ ፈረምኩ።

አዳራሹ ተሠራ። በሩ አረንጓዴ ተቀባ። አዴ ሰዓዳ በመጀመሪያው ጁምዓ ከሁሉ ቀድመው ገቡ አሉ፤ መሬቱን በእጃቸው ዳበሱት። ለተወሰኑ ሳምንታት ምንም አልሆነም። አሁን የሚቆጨኝ ነገር፣ ሰፈሩ በሙሉ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ የጫት መኪና እንደሚወርድ ያውቃል። ሕፃን ልጅ ያውቃል። ማኅተም ያለው ወረቀት ሲመጣ ግን “ባለሙያው አይቶታል” አሉና ዝም አሉ። ወረቀቴ መኪናውን አላስቆመም፤ አፋቸውን ግን ዘጋው።

ከዚያ በአንዱ ጁምዓ ሰግጄ ወጥቼ በቀጥታ ጓደኛዬ ኢብሳ ቤት ገባሁ፤ በርጫችን እዚያ ነው፣ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ውሃው ቀርቦ፣ አምስት ሆነን ተቀምጠን ጫቱን እንጠብቃለን። አልመጣም። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ሰው መነጫነጭ ጀመረ። እኔ ደግሞ ሥራዬን ጀመርኩ። “ሾፌሩ ራሱ ቅሞ ጨርሶት ይሆናል” እላለሁ፤ “ጫቱን ገና እየተከሉት ነው” እላለሁ። ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። የኢብሳ ስልክ ጮኸ። አነሳው፣ አዳመጠ፣ ዞሮ እኔን አየኝ።

“ጫቱ አይመጣም” አለ።

“ለምን?”

“መኪናው ሰው ገጭቶ ነው። መስጊዱ ሥር። በሴቶቹ በር።”

ያ ሁሉ ሰዓት ስቀልድበት የነበረው መዘግየት ይኼ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ሴቶቹ ሰላት ጨርሰው እየወጡ ነው። በሩ ሲከፈት በቀጥታ መንገዱ ላይ ነው የሚያወጣው፤ እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት፣ መንገዱ እንቅልፋም ነው ብዬ። አይሱዙው ኩርባውን ይዞ ወረደ። ነጂማና እናቷ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ነጂማ አንድ እርምጃ ቀድማ ነበር። እሷ እዚያው ሞተች። አዴ ሰዓዳ ተስፈንጥረው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሌሎች ሁለት ሴቶች ቆሰሉ፣ ዳኑ።

ሆስፒታል የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ቀን ፈርቼ ነው የዋልኩት። አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ከፊታቸው ቆምኩ።  እሳቸው ጣራውን እያዩ ቀስ ብለው ተናገሩ።

“መኪኖቹ ጾማቸውን ፈቱ፣ ሙሜ።”

 ወጣሁ። ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ነርስ “አባባ ደም ግፊት አለብዎት?” አለችኝ። የለብኝም አልኳት። እውነት ነው፣ ያለብኝ እሱ አልነበረም።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ወጣቱ አለቃዬ በሩን ዘጋ። “ጋሽ ሙሜ፣ መኪናው በፍጥነት ነው የመጣው። ትራፊክ ፖሊስ አረጋግጧል። ሾፌሩ ታስሯል። እኛ ጥናታችን ትክክል ነበር፣ ምክንያቱ ፍጥነት ነው ብለህ አጭር ማስታወሻ ጻፍ፤ ነገሩ ይዘጋል።”

“በሩስ?”

“በሩ ምን ሆነ?”

“የፊታችን አርብም ይከፈታል እኮ።”

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። ለኔ አስቦ ነው። ሾፌሩም ጥፋት አለበት፣ በርሮ ነው የመጣው፤ ግን በራሱ ጥፋት ነው የሚታሰረው፣ በኔ ጥፋት አይታሰርልኝም።

ማስታወሻውን አልጻፍኩም። አርብ ሲደርስ ማሽላዬን ኪሴ ጨምሬ ታችኛው መንገድ ላይ ቆምኩ፤ በመጀመሪያው ዙር መቆም የነበረብኝ በእንዲህ ያለ ተራ ጁምዓ ነበር። ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የጫት መኪኖቹ መጡ። እጄ ከቀኝ ወደ ግራ ኪስ ስትመላለስ አላረፈችም። ሴቶቹ በሩን በትንሹ ከፍተው፣ አንገታቸውን አውጥተው፣ አይተው፣ ተመልሰው ይገባሉ። አንዷ ሮጠች። አንዲት አሮጊት ልትሻገር ስትወጣ ሰዓቴን ያዝኩ፤ መሃል ሳትደርስ ጥሩንባ ሰምታ ተመለሰች። ሦስት ጊዜ ሞከረች። ኦቦ ዩያ የሚፈልጉት ሰዓት ይኼ ነበር፤ አገኘሁት፣ ነጂማ ከተቀበረች በኋላ።

አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ። የመጀመሪያው ጥናት በረመዳን ብቻ በመደረጉ ስህተት ነው፣ ስህተቱ የኔ ነው ብዬ በስሜ ጻፍኩ። የመጨረሻውን ገጽም መለስኩት። አለቃዬ አነበበው፤ ሁለት ጊዜ። አላወጣውም።

መፍትሔ ብዬ ያቀረብኩት አንድ ነገር ነው፤ ጁምዓ ጁምዓ ለአርባ ደቂቃ የታችኛው መንገድ በገመድ ይዘጋ፣ መኪና ይቁም፣ ሴቶቹ ይውጡ፣ ከዚያ ይከፈት። በሩ ይኑር። መስጊዱ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ኢማሙ አሉ፣ ኮሚቴው አለ፣ ከኮሚቴው ውስጥ ሁለቱ የጫት ነጋዴዎች ናቸው። የአዳራሹን ብሎኬት ግማሹን ያዋጡት እነሱ ናቸው፣ ሰላት የማያመልጣቸው ሰዎች ናቸው፣ በነጂማ ቀብር ከፊት ሆነው ቃሬዛውን ተሸክመዋል። አንደኛው ሲናገር ድምፁ ረጋ ያለ ነው።

“ሙሜ፣ አንተም ትቅማለህ አይደል?”

“እቅማለሁ።”

“አርባ ደቂቃ መኪና ላይ ፀሐይ የመታው ጫት ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ።”

“ትገዛዋለህ?”

ኢማሙ አዩኝ። ሁሉም አየኝ። መስጊድ ውስጥ እንዴት እዋሻለሁ?

“አልገዛውም።”

ሰው ሳቀ። በሕይወቴ ሳልቀልድ ያሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው። “አቦ፣ ታዲያ ማን ይገዛዋል? ሰው ሁሉ እንዳንተ ነው” አለና ተቀመጠ። መኪኖቹ በዋናው መንገድ ይዙሩ አልኩ፤ ባጃጁ አያሳልፍም፣ ያው መዘግየት ነው ተባለ። ጉብታ እንሥራ አልኩ፤ ተሠራ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሾፌሮቹ በዳር በኩል ባለው ክፍተት እያለፉት ነበር። ኢማሙ ለመኑ፣ ተቆጡም። ከላይ ያሉት ኃላፊዎች “ከሕዝቡ ጋር ተግባቡ” አሉ። ሕዝቡ ደግሞ እዚያው የተቀመጠው ነው።

ከዚያ የቀረው መፍትሔ አንድ ነበር፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። በሩ በብሎኬት ተደፈነ። ሴቶቹ ከአዳራሹ በውስጥ ደረጃ ወደ ላይ ወጥተው፣ በላይኛው በር፣ በረጅሙ ደረጃ እንዲጠቀሙ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ጋ የተገጨ ሰው የለም። በወረቀት ደረጃ የተሳካ ሥራ ነው።

ደረጃውን ግን ቀርፋፋ ሰው አይወጣውም። ዳገቱን የሚችሉት ይሄዳሉ። ያልቻሉት ቀሩ። አዴ ሰዓዳ በሁለት ምርኩዝ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ነው የሚደርሱት፤ ለዚያ አዳራሽ ያን ሁሉ ዓመት የለመኑ ሴት የሰገዱበት ሳምንት በጣት ይቆጠራል። አሁን ቤታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት። ባጃጅ ላምጣልዎት፣ በላይ በኩል ይዞርና ያደርስዎታል አልኳቸው። “ከበሩ ወደ አዳራሹ የሚያወርደውን ደረጃስ ባጃጁ ይሸከመኛል?” አሉኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጊዜ ስላለኝ አርብ አርብ ከጁምዓ በፊት እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር። ጫት ተውክ ወይ ለምትሉኝ፣ አልተውኩም፤ ተውኩ ብል ደስ ይላችሁ ነበር። አርብ ብቻ አልቅምም። ለውዝ ይዤላቸው እሄዳለሁ፣ “ከኔ ሌላ ነጋዴ ታበለጽጋለህ” ይላሉ፣ ግን ይቀበሉኛል። አንድ አርብ ቀን አንገቴን ደፍቼ ተናገርኩት።

“አዴ፣ አፉ ይበሉኝ።”

 ከውጭ የጫት መኪና ጥሩንባ ተሰማ፣ አለፈ።

“አፉ ብያለሁ” አሉ። “ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ። ቂም አልያዝኩብህም። ግን አርብ አትምጣብኝ።”

“ምነው አዴ? በደልኩ?”

“አርብ በሩ ሲንኳኳ ነጂማ መጣችልኝ፣ ልንሄድ ነው ብዬ እነሳለሁ። ምርኩዜን ሳልይዝ እነሳለሁ።”

ሐሙስ ሐሙስ ነው የምሄደው።